አዚሙዝ አርዲቦ ሲደርስ

ኑርዬ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን?» ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ሐይቅ ከተማ ገበያ ወጥቶ ስኳር ከገዛ ሌላ ሱቅ ገብቶ ያስመዝነዋል። ሁለተኛው ሚዛን ከመጀመሪያው ጋር ከተስማማ ደግሞ «ተመካክረዋል» ይላል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት ግማሹን ውጦ ግማሹን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል፤ ክፉ ቀን የሚለው ሐኪሙ ውሸታም መሆኑ የሚታወቅበትን ቀን ነው። በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ያለው ሰው ይህን ጠባዩን ያውቃል፤ ይስቅበታልም። በአንድ ነገር ግን ማንም አይስቅበትም። ሰው ሲሞት የቀብሩን መስመር የሚያወጣው ኑርዬ ነው።

ሙስሊም ሲቀበር በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ካዕባ ይዞራል። ከዚህ አገር ሆኖ ካዕባ ማለት ሰሜን ነው፤ ቀጥ ያለ ሰሜን። የኑርዬ አባትና ከእሱ በፊት የነበሩት አቅጣጫውን የሚይዙት በአምባሰል በኩል ባሉት ተራሮች ነበር። መቃብር ቦታው መግቢያ ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ላየ ሰው፣ ጎን ለጎን የቆሙ ጫፎችና በመካከላቸው አንድ ጠበብ ያለ ክፍተት ይታየዋል። የቃጫ ገመድ ወደዚያ ክፍተት ይወጠራል፣ ጫፍና ጫፉ በችካል ይታሰራል፣ ጉድጓዱም ገመዱን አግድም አቋርጦ ይቆፈራል። ሥራው ይኸው ነው። ኑርዬ ገመዱን ከአባቱ እጅ ከተቀበለ ወዲህ ለማንም አስነክቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ታሞ ሲተኛ ጎረቤቱ ሰዑድ በእሱ ፈንታ የአንዲት አሮጊት ቀብር አውጥቶ ነበር። ኑርዬ ከአልጋው እንደተነሳ መጀመሪያ የሄደው ያን ቀብር ለማየት ነው። ዞሮ ዞሮ አየው፤ ምንም ስህተት አላገኘበትም። ምንም አለማግኘቱ ይበልጥ አሳሰበው።

በዚህ ሁሉ ዕድሜው «እውነት ነው?» ብሎ ያልጠየቃት ሰው ሚስቱ ዑምኩልሱም ብቻ ነበረች። እሷ ዝናብ ይመጣል ካለች ይመጣል፤ እገሌ ደግ ሰው ነው ካለች ኑርዬ እያጉረመረመም ቢሆን ይቀበላል። ካቻምና ሐምሌ ላይ አረፈች። ቀብሯን ያወጣው ራሱ ነው፤ ወርዶ ያስተኛትም ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬውን የሚያለዝብለት ሰው ቤቱ ውስጥ የለም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ የወንድሟ ልጅ ባድሩ ከጅዳ ተመለሰ። እዚያ መሬት ከሚለኩ ሰዎች ጋር ነበር የሚሠራው፤ መጀመሪያ ባለሦስት እግሩን መሣሪያ እየተሸከመ፣ በኋላም ራሱ በመሣሪያው እያየ። መጥቶ ሻንጣውን እንኳ በቅጡ ሳይፈታ አክስቴን ልዘይር ብሎ ወደ መቃብሩ ሄደ። ኑርዬ ሽንኩርቱን እየኮተኮተ ከታች ያየዋል። ባድሩ ቆሞ ዱዓ አደረገ። ደግ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። በቀብሩ ራስጌ ቆመ፣ ግርጌ ሄዶ ቁጢጥ አለ፣ ተራራውን አየ፣ ስልኩን አየ፣ እንደገና ተራራውን አየ። ሰዑድ በዚያ በኩል ሲያልፍ ጠራውና ሁለቱ ራሳቸውን አቀርቅረው ሲያወሩ ቆዩ። ኑርዬ ቀና ማለቱን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሰዑድም ጭራሽ እጁን አንስቶ ሰላም አለው! ኑርዬ መኮትኮቻውን አስቀመጠ። የሆነ ነገር አለ።

ወደ ማታ ባድሩ ቤት መጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት እንዳይቀየሙኝ።»

«ካልክ በኋላ እናያለን።»

«የመቃብሩ... መስመሩ ትንሽ ዞር ያለ መሰለኝ።»

«የቱ መስመር?»

ባድሩ ወለሉን ያይ ጀመር። «ብቻ... መስመሩ።»

«በምን አወቅህ?»

«በአዚሙዝ ነዋ።»

ስልኩን አውጥቶ አሳየው። መስተዋቱ ላይ ክብ አለ፣ ክቡ ላይ ቀስት አለ፣ ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈች ቃልና ቁጥር አለች። ባድሩ ከዚህ የመካ አዚሙዝ አንድ ዲግሪ እንኳ የማይሞላ መሆኑን፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ፀጉር የምታህል ፈቀቅ ማለት መሆኑን እያስረዳ ነበር። ኑርዬ ግን ከቃሏ በኋላ የሰማው ነገር የለም። አዚሙዝ። አፉ ውስጥ አገላበጣት፤ ጣዕሟ አላማረውም። ስልኩን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰለትና ልተኛ ነው ብሎ ተነሳ።

አልተኛም እንጂ። ተጋድሞ ነገሩን ይፈትል ጀመር። ሐይቁ ዳር ሎጅ የሚሠሩ ባለሀብቶች መሬት እያዩ ነው ይባላል። መቃብሩ ያለው ደግሞ ውሃው ወለል ብሎ የሚታይበት ተረተር ላይ ነው። መስመሩ ጠማማ ነው ከተባለ ሰው አዲስ መቃብር ይፈልጋል፣ አሮጌው ጠፍ ይሆናል፣ ጠፍ መሬት ደግሞ ባለቤት አያጣም። ነው? ወይስ ባድሩ ከዚያ አገር የተመለሱ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት የአባቶችን ነገር ሁሉ ስህተት ለማለት ነው የመጣው? እንዲህና እንዲያ እያለ ምክንያት ይደረድራል፤ ከምክንያቶቹ ሁሉ ሥር ግን ሊነካት የማይፈልጋት አንዲት ነገር ነበረች። መስመሩ እውነት ከተሳሳተ ዑምኩልሱም ፊቷን ከካዕባ አዙራ ተኝታለች። ያስተኛት ደግሞ እሱ ነው። ይህን ባሰበ ቁጥር ቶሎ ብሎ ወደ ሎጁ ይመለሳል።

በሚቀጥሉት ቀናት የሚያየው ሁሉ ጥርጣሬውን አጠናከረለት። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ክብ ሠርተው የሚያወሩ ሰዎች እሱ ሲጠጋ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ሴቶቹ ከወትሮው የበለጠ በለሆሳስ ይጠይቁታል። ሰዑድማ ሳይጠራ መጥቶ ሽንኩርት ሲያጠጣለት ዋለ። በነጻ! «ሰው በነጻ ሲያጠጣልህ ከመሬትህ ሊያጥብህ ነው» አለ ኑርዬ ለራሱ። የሚደብቁት ነገር እንዳለ ልቡ ነግሮታል። ልቡም አልዋሸውም፤ ይደብቁት ነበር።

በመጨረሻ ሐይቅ ከተማ ወደ ሸህ አብዱልከሪም ሄደ። ሸሁ በወጣትነታቸው ካይሮ ተምረዋል፤ ከሃይማኖቱ ሕግ፣ ከፊቅሁ፣ ጎን ለጎን የሶላት ሰዓትና የቂብላ፣ የካዕባ አቅጣጫ ከፀሐይና ከከዋክብት የሚወጣበትን ዕውቀትም ቀስመዋል። ኑርዬ የሄደው ግን ሊማር አይደለም። ሸሁ «ይህች ቃል የካፊር ናት፣ ተዋት» እንዲሉለት ነው።

«ሸህዬ፣ አዚሙዝ የምትባል ቃል ሰምተው ያውቃሉ?»

«አይዋ። ምን አደረገችህ?»

«የፈረንጅ ቃል ይዘው መቃብራችንን ሊያፈርሱት ነው።»

ሸሁ ሳቁ። «የፈረንጅ ናት ያለህ ማነው?»

«በፈረንጅ ፊደል ተጽፋ በዓይኔ አየኋታ!»

«ልብሷ ነው የፈረንጅ። እናቷ ዓረብ ናት። ሰምት ማለት በዓረብኛ መንገድ፣ አቅጣጫ ማለት ነው፤ ሲበዛ ሱሙት ይሆናል። የጥንቶቹ የሰማይ አዋቂዎች አንድ ኮከብ በአድማሱ ላይ በየት በኩል እንደሆነ ሲለኩ አስ-ሱሙት ይሉ ነበር፤ አቅጣጫዎቹ ለማለት። ፈረንጆቹ መጻሕፍቱን ሲተረጉሙ ቃሏን ከፊቷ ካለችው አስ ጋር አነሷትና ምላሳቸው እንደቻለ አዚሙዝ አሏት።»

«ሰረቁን ይበሉኛ!»

«ተማሩ ብንልስ?»

«ታዲያ ለምን ስሟን ቀየሯት? ከብት የነዳ ሰው ነው ምልክቱን የሚያጠፋ።»

ሸሁ በዚህ ይበልጥ ሳቁ። «እህትም አለቻት። ሰምት አር-ረእስ ትባላለች፤ የራስ መንገድ። ረእስ ያው አንተ ራስ የምትለው ነው። ካናትህ በላይ ቀጥ ያለችው የሰማይ ነጥብ ናት። እሷን ሲወስዷት ረእስን መንገድ ላይ ጣሉ፤ ሰምትን ሲገለብጡም አንዲቱን ፊደል አጣመሟት ይባላል። ዛሬ ዜኒት ይሏታል።»

«ይኸው! ገልብጠው እንኳ መጻፍ ያቃታቸውን ነው ባድሩ በኪሱ ይዞብን የመጣው።»

እንዲህ ይበል እንጂ ኑርዬ ደንግጧል። ቃሏ የፈረንጅ ብትሆን ኖሮ አውጥቶ ይጥላት ነበር። የቁርአን ቋንቋ ልጅ ከሆነች ግን እንዴት አድርጎ ይጥላታል? ሸሁ ፊቱን አይተው ሳቃቸውን ተዉት።

«ኑርዬ፣ የምትፈራው ቃሏን አይደለም» አሉት ቀስ ብለው።

ኑርዬ አንገቱን ደፋ። «ዑምኩልሱምን እኔ ነኝ ያስተኛኋት፣ ሸህዬ።»

«አብሽር፣ አይዞህ። ስልኩን ካላመንከው ፀሐይን ታምናለህ? በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ከካዕባ አናት በላይ ትቆማለች፤ ያቺ ሰምት አር-ረእስ ያልኩህ ነጥብ ላይ። በዚያች ሰዓት ፀሐይን የሚያይ ሰው ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ ፊቱን ወደ ካዕባ አዙሯል። ቀጥ ያለ እንጨት ከተከልክ ጥላው ጀርባውን ለመካ ሰጥቶ ይወድቃል። የቅርቡ ቀን ግንቦት ሃያ ነው፤ ስድስት ሰዓት ከሩብ አለፍ ሲል።»

ኑርዬ ዓይኑን አጠበበ። «ግንቦት ሃያ? ያ የመንግሥት በዓል የነበረው?»

«ፀሐይ የማንም ፓርቲ አባል አይደለችም፣ ኑርዬ።»

በተባለው ቀን ኑርዬ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክሞ ተረተሩ ላይ የወጣው ገና በጠዋቱ ነው። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። ጉድጓዱን ቆፍሮ እንጨቱን ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ አጠገብ ተከለ። በክር ያንጠለጠላትን ጠጠር በዙሪያው እየያዘ ቀጥ ማለቱን አየ፤ አራግፎ እንደገና ተከለ። ሰዓቱን ደግሞ ከባድሩም ከሰዑድም ጠየቀ፤ አልበቃው ሲል የሬዲዮ ድምፅ የሚሰማበት ቤት ድረስ ሄዶ አጣራ። ሸህ አብዱልከሪም በባጃጅ መጡ። ሰዉም እየተንጠባጠበ መጣ፤ እንደ ቀብር ዕለት ከቦ ቆመ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ ከአናት ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ጥላውን ወደ ደቡብ ጥላዋለች፤ ጥላውም አጭር ነው።

«አሁን» አሉ ሸሁ።

ኑርዬ ከጥላው ጫፍ ላይ ችካል መታ። ገመዱን አሰረበት፣ በእንጨቱ ሥር አሳለፈው፣ ወደ ሰሜን እየፈታ ሄዶ ወጠረው። ተመልሶ ከችካሉ ኋላ በደረቱ ተኛና በአንድ ዓይኑ ገመዱን ተከትሎ አየ። ገመዱ ሄዶ ሄዶ በአምባሰል በኩል ካሉት ጫፎች መሃል፣ ከዚያችው ጠባብ ክፍተት ገባ። አባቱ ያሳየው ክፍተት!

«አልሃምዱሊላህ!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። ልብሱ ላይ ያለውን አፈር እንኳ አላራገፈም። «የታለ የዞረው? የታለ? ባድሩ፣ ና እንጂ፣ ና እይ! አባቶቼ ያለ ስልክህ...»

ንግግሩን አልጨረሰም። ከእሱ በቀር የተደሰተ ሰው የለም። ሰዑድ እግሩን ያያል። ሸሁ መቁጠሪያቸውን ያያሉ። ባድሩ ደግሞ ሌላ ቦታ ያያል፤ ኑርዬ ዓይኑን ተከትሎ ሄደ፤ ዓይኑ ያረፈው የዑምኩልሱም ቀብር ላይ ነው።

የተወጠረው ገመድ በእሷ ቀብር በኩልም ያልፋል። በሌሎቹ ላይ ሁሉ ከራስጌው እስከ ግርጌው ድንጋይ ያለውን መስመር ቀጥ አድርጎ ያቋርጣል። በእሷ ላይ ሲደርስ ግን ሰያፍ ነው። ትንሽ አይደለም፤ ሕፃን ያየዋል። ኑርዬ በየጁምዓው እየመጣ አጠገቧ ተቀምጧል፣ ሣሩን ነቅሏል፣ ግን የሠራውን ያመነ ሰው ነበርና አንድም ቀን አላየውም።

ያኔ ያ የሐምሌ ቀን መጣበት። ጉም ነበር፤ ተራራው የለም፤ ሐይቁም የለም። ቆፋሪዎቹ ከጎኗ ባለው ቀብር እናስተካክል ብለውት ነበር። ያ ቀብር ሰዑድ ያወጣው የአሮጊቷ ቀብር ነው። «በሰዑድ መስመር ሚስቴን አላስተኛም» አለ። ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ሲል አንድ ክፍተት አየና ገመዱን ወጠረ። የአምባሰል ጫፎች ደግሞ ክፍተታቸው ያ ጠባቡ ብቻ አይደለም። ያየው ወደ ምዕራብ ያለውን ሌላውን ነበር።

«ታውቁ ነበር?» አለ። ወደ ሰዑድ ዞረ። «አንተስ?»

«የዚያኑ ዕለት አውቄያለሁ፣ ጋሽ ኑርዬ።»

«እና ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም?»

«ሐዘን ላይ ነበሩ። በኋላም... ማን ይንገርዎት? እኔ ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

የሰዑድ ዓይን እንባ አቅርሯል። ሰዉ የደበቀው መሬት የለም፤ ሎጅ የለም። የደበቁት ይህን ነው፤ እሱ እንዳያዝን። ባድሩም እኮ መስመሩ ዞሯል ብሎ ቀብሯን መጥራት ያቃተው ለዚህ ነበር። ኑርዬ ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ኩታውን ፊቱ ላይ ጣለ። አፈረ። ከማፈሩ በላይ ግን ናፈቀችው፤ እሷ ብትኖር ኖሮ «ሰዑድ ደግ ሰው ነው» ትለው ነበርና።

ሸሁ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። «ስማኝ፣ ኑርዬ። አትቆፈርም። የሟች ክብር ይበልጣል። ሆን ብለህ ያደረግከው አይደለም፤ አላህ ደግሞ የባሪያውን ፊት በጉም ምክንያት አይስተውም።»

«እውነት ነው?» አለ ከኩታው ሥር።

«እውነት ነው።»

ለጥቂት ቀናት ከቤት አልወጣም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ፣ ባድሩን አስጠራውና ገመዱን ይዘው ሁለቱ ብቻ ወደ ተረተሩ ወጡ። ኑርዬ አንዱን ችካል ዑምኩልሱም ፊቷ ካለበት በኩል፣ ከቀብሯ ጠርዝ ላይ መታው። ገመዱን ወደ ሰሜን አልወጠረውም። እሷን ባስተኛበት ጠማማ መስመር፣ ፊቷ ወደሚያይበት ወጠረው። ጥቂት ሄዶ ሣር ብቻ ካለበት ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመና ሁለተኛውን ችካል መታ።

«እኔን እዚህ ነው የምትቀብሩኝ» አለ።

«ጋሼ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት...»

«ዝም በልና ስማ። እኔን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ካዕባ አዙሩኝ። እሷ ስታይ የምታየው የኔን ጀርባ ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ ቤት ስንሰግድ እኔ ከፊት እሷ ከኋላ ነበርን። አንድም ቀን ‹ወዴት ነው የዞርከው?› ብላኝ አታውቅም። አሁንም እኔን ትከተለኝ።»

ባድሩ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ኑርዬ ገመዱን ከችካሉ ፈታው፣ በክንዱ ላይ ጠቀለለው፣ ትንሽ ይዞት ቆየና ለባድሩ ሰጠው።

«መስመሩን አንተና ሰዑድ ታወጡታላችሁ» አለ። «እኔ ላየው አልችልም፤ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምሆን።»

ከዚያ ባድሩ ገመዱን እንዴት እንደያዘው ዞሮ ሳያይ ወደ ሽንኩርቱ ወረደ።